ተኳሽ ነበርኩ

አስተርጓሚ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጥገኝነት ጠያቂና በመርማሪ መካከል ተቀምጬ የሰው ታሪክ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሳሻግር ኖሬያለሁ። «አንቺ እኮ መዝገበ ቃላት ነሽ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚለኝ ሰው ቢመጣ በጥፊ የምመታው ይመስለኛል።

ጋሼ የምላቸው ሰው አንድ ቀን ሦስተኛው ባለጉዳዬ ነበሩ። እሳቸውና መርማሪዋ ቢሮ፣ እኔ ቤቴ፣ በመካከላችን የሚቆራረጥ ስልክ። ከእሳቸው በፊት ያስተረጎምኩላቸው ሁለቱ ከጦር ሜዳ የጠፉ ወታደሮች ስለነበሩ ጆሮዬ የጥይት ወሬ ለምዶ ነበር። ምሳ ሰዓትም ደርሶ ሆዴ ይጮኻል። ይህን ለሰበብ አይደለም የምናገረው፤ እንዲያው እውነቱ ይታወቅ ብዬ ነው።

«ታጣቂዎቹ ከወሰዱዎት በኋላ ካምፑ ውስጥ ሥራዎ ምን ነበር?» ብዬ የመርማሪዋን ጥያቄ አቀረብኩላቸው።

መስመሩ አንድ ቃል ዋጠና «...ተኳሽ ነበርኩ» የሚለው ደረሰኝ።

«ለማን?»

«ለአለቆቹ ነዋ። ሲያዙኝ እተኩሳለሁ።»

«በፈቃድዎ ነው?»

«ኧረ የምን ፈቃድ! እምቢ ብል መች ይምሩኛል።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ሁለት ዓመት፣ በየቀኑ። እጄ እስኪላጥ ድረስ።»

እጅ እስኪላጥ መተኮስ እንዴት ያለ ነገር ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ተረጎምኩት፣ መርማሪዋ ጻፈችው። ሲያልቅ በደንቡ መሠረት መርማሪዋ የላከችልኝን ቃላቸውን በአማርኛ መልሼ አነበብኩላቸው። «ካምፑ ውስጥ ተኳሽ ነበርኩ ብለዋል፤ ትክክል ነው?» «አዎ፣ ልክ ነው፤ ተባረኪ» አሉኝና ፈረሙ። እኔም ምሳዬን በላሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጃቸው አድራሻዬን አፈላልጋ ቤቴ መጣች። ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት የምትሠራ፣ የአገሩን ቋንቋ ከአባቷ ቀድማ የለመደች ወጣት ናት። ተቀመጪ ብላት እምቢ ብላ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«አባቴን ምን አደረግሽው?»

አነበብኩት። በታጣቂ ቡድን ውስጥ በተኳሽነት ማገልገላቸውን ራሳቸው ስላመኑ የጥገኝነት ጥያቄያቸው ውድቅ ሆኗል ይላል።

«አባቴ ልብስ ተኳሽ ነው» አለች። «ከሱቁ ከነካውያው ነው የወሰዱት። ሁለት ዓመት የአለቆቹን ዩኒፎርም ሲተኩስ ኖረ፣ አንድ ቀን አመለጠ። እዚህም የሆቴል አንሶላ እየተኮሰ ነው የሚያድረው። ጠመንጃ ብትሰጪው በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። አሁን ለእነዚያው ሰዎች ሊመልሱት ነው። አምልጦ የተያዘን ምን እንደሚያደርጉ እኔ ልንገርሽ?»

«ጠበቃችሁ የት ነው?» አልኳት፤ ያ የምኮራበት አፌ ያወጣው ይህን ብቻ ነበር።

በዚያው ቀን ጋሼን ይዘን ሦስታችንም ጠበቃቸው ዘንድ ሄድን። ጠበቃው የአገሩ ሰው ነው፤ ሲያዳምጠኝ ቆየና መነጽሩን አወለቀ።

«ሕጉ ከተለወጠ ገና ሦስት ወሩ ነው» አለኝ። «ድሮ ቢሆን ስህተቱን አስረድተን እንደገና እናስመረምራቸው ነበር። አሁን ግን ይግባኙ በሰባት ቀን ነው፣ አምስቱ አልፏል። ተነቦለት የተፈረመ ቃል አይታረምም። መሣሪያ የያዘ ሰው ደግሞ ለምን ያዝክ፣ በማን ላይ ተኮስክ ተብሎ አይጠየቅም፤ በቃ ይከለከላል።»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ።»

«ፈርሚ። ግን አንብበሽላቸው አዎ ብለዋል እኮ።»

ምን ይበሉ ታዲያ? ያነበብኩላቸው በአማርኛ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ቃሉ ልክ ነው። ስህተቱ የተቀመጠው ማዶ፣ እሳቸው በማይሰሙት ቋንቋ ውስጥ ነው። ይህን ለጠበቃው ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ገባውና አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ። እኔም ፈረምኩ። በማግስቱ የሥራ ፈቃዴ ታገደ። እንኳን ታገደ።

ይግባኙ የተሰማው በስክሪን፣ ለሩብ ሰዓት ብቻ፣ ከጋሼና ከልጃቸው ጋር እዚያው ጠበቃው ቢሮ ሆነን ነበር። በስልክ ሌላ አስተርጓሚ ተመደበ፤ እኔ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ፣ እንድናገር ግን አልተፈቀደልኝም። ከመጀመሩ በፊት ጋሼን አደራ አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ይተኩሱ ነበር ወይ ካሉዎት አልተኮስኩም ይበሉ።»

«ምዬ ልገባ ነው እኮ ልጄ። ዕድሜ ልኬን ስተኩስ ኖሬ እንዴት አልተኮስኩም እላለሁ?»

«እሺ፣ መጀመሪያ ጠመንጃ አልተኮስኩም፣ ቀጥሎ ልብስ ነው የተኮስኩት ይበሉ። እባክዎ።»

«ጠመንጃ አይደለም፣ ልብስ ነው። ጠመንጃ አይደለም፣ ልብስ ነው» እያሉ እንደ ተማሪ አጠኑት።

ዳኛው በስክሪኑ ብቅ አሉና አስማሏቸው። ከዚያ አዲሱ አስተርጓሚ ጥያቄውን አመጣ። «በካምፑ ውስጥ ይተኩሱ ነበር? አዎ ወይም አይ ብለው ብቻ ይመልሱ።»

«እኔ ልብስ...»

«አዎ ወይስ አይ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። መናገር አልተፈቀደልኝም።

«አይ» አሉ በመጨረሻ።

ዳኛው ወረቀታቸውን ገለጡ። «ተኳሽ ነበርኩ ብለው ፈርመዋል። የዋሹት ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

ጠበቃው እኔ የፈረምኩትን ደብዳቤ አነሳ። ዳኛው እጃቸውን አወዛወዙ፤ ደብዳቤው ደርሷቸዋል፣ ግን ከፊርማ በኋላ የመጣ ማስረጃ እንዲያዩ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። ቢቆጡ ኖሮ ቢያንስ የምንጠላው ሰው እናገኝ ነበር።

ጋሼ ተነሱ። ጃኬታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና በባዶ እጃቸው ኮሌታውን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ እጅጌውን ይተኩሱ ጀመር። «ይኸው! ይኼ ነው ሥራዬ። ካውያ ስጡኝና ላሳያችሁ።» ካሜራው ግን የተቀመጠ ሰው እንዲያሳይ የተስተካከለ ነው። በዳኛው ስክሪን ላይ የጋሼ ሆድ ብቻ ነበር የሚታየው።

ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ የአስተርጓሚው መስመር ተዘጋ። ውሳኔው ከዚያ በኋላ በአገሩ ቋንቋ ተነበበ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ልጃቸው አጎንብሳ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ጠበቃው መስኮቱን ያያል።

«ምን አሉ ልጄ?» አሉኝ ጋሼ።

ከእኔ በቀር የሚነግራቸው አልነበረም።

«አልተቀበሉትም፣ ጋሼ። በአሥር ቀን ውስጥ ይመልሱዎታል።»

ጃኬታቸውን በክንዳቸው እንደያዙ ጠጋ አሉኝና ልጃቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዓይናቸው ውስጥ ተስፋ አየሁ።

«እስቲ ደህና አድርገሽ አስቢው» አሉኝ። «አሁንም ተሳስተሽ እንዳይሆን።»