የተፈቀደ እቅፍ

ቱራን ሻንጣውን እንደገና ሳመችው።

«ይቁም!» አለ ዳይሬክተሩ ሞርተዛይ ከካሜራው ኋላ።

ከሸራው ሻንጣ ላይ ቀና አለች። ከፊቷ፣ የወታደር ልብስ የለበሰው ወጣት ተዋናይ አረሽ እጆቹን የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት ቆሟል። በታሪኩ ልጇ ነው፤ ዓመታት በምርኮ ማቅቆ ዛሬ የእናቱን ደጃፍ መርገጡ ነው። በእውነቱ ግን ባዳ ወንድ ነውና እጇ ሊነካው አይፈቀድም። ስለዚህ እናቲቱ ልጇን አቁማ፣ ሻንጣውን አቅፋ ታለቅሳለች።

«ሰው ይስቅብናል» አለ ሞርተዛይ። «የተማረከው ሻንጣው ነው እንዴ?»

መብራት የያዙት ሰዎች ሳቁ። ቱራን አልሳቀችም። በዚህ ፊልም ውስጥ ስትተኛም፣ ስትነቃም፣ ብቻዋን ሆና ሽንኩርት ስትከትፍም ከራሷ ላይ ሻርፕ አይወርድም፤ ያንን ለምዳዋለች። ሻንጣው ግን አልዋጥላት ብሏል።

ሞርተዛይ ጠጋ ብሎ በአክብሮት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቱራን ኻኑም፣ ልጅዎ ይመጣል ብለውኛል።»

«ይመጣል» አለች። እርግጠኛ ግን አልነበረችም።

ሐሳቡ የሞርተዛይ ነበር። የቱራን የገዛ ልጅ የአረሽን ልብስ ለብሶ፣ ጀርባውን ለካሜራ ሰጥቶ ቢገባ፣ እናት የወለደችውን ብታቅፍ ማን ምን ይላል? መቁጠሪያውን እያንከባለለ ቀረጻውን ቀኑን ሙሉ የሚከታተለው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሶቱዴ እንኳ «የሥጋ ልጇ ከሆነማ ሐላል ነው» ብሎ ነበር። ልጇ ካቀፋት ስንት ዘመን እንዳለፈ ግን ማንም አልጠየቃትም።

ልጇ ሲያማክ ትንሽ ልጅ ሳለ የቴህራን ግድግዳዎች በእናቱ ምስል ተሸፍነው ነበር፤ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ፣ በመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስትደንስ። የክፍል ጓደኞቹ አባቶች ፊልሙን ደጋግመው እያዩ ያፏጩ ነበር። ልጆቻቸው ደግሞ በማግስቱ ሲያማክን በትምህርት ቤቱ ግቢ ከበው ያንኑ ፉጨት ያፏጩበታል። ጥቂት ዓመታት አልፈው አብዮቱ ሲመጣ፣ እነዚያው አባቶች ጢማቸውን አሳድገው በመስኮቷ ሥር «ሸርሙጣ!» እያሉ ጮኹ። አንዱን በድምፁ ለየችው፤ ፎቶዋ ላይ አስፈርሟት፣ ፎቶውን በደረት ኪሱ ከትቶ የሄደ የሰፈሯ ልብስ ሰፊ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከአሥር ዓመት በላይ ካሜራ ፊት እንዳትቆም ተከለከለች። ይህ ፊልም ወደ ሲኒማ መመለሻዋ ነው። በተከለከለችባቸው ዓመታት ሲያማክ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወደ ጦር ግንባር ዘመተ። የዘመተው አገሩን ለማዳን ብቻ ሳይሆን እሷን ከስሙ ላይ ለማጠብም እንደሆነ ታውቅ ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ ሲመለስ ወደ አጎቱ ቤት ነው የገባው። ቱራን በሯ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ዋለች፤ ሻንጣውን እንኳ አላየችም።

ቀትር ላይ የግቢው በር ተንኳኳ።

ሲያማክ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጢሙን ከርክሞ ገባ። ጸጉሩ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ለሁሉም ሰላምታ ሰጥቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ደህና ነዎት?»

እርስዎ አላት። ቱራን ፈገግ ለማለት ሞክራ አቃታት። ከመብራቶቹ ራቅ ብለው ግድግዳው ጥግ ቆሙ።

«ለፊልሙ ብዬ አልመጣሁም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሃኒዬ በመጪው ዓመት ትምህርት ቤት ትገባለች።» በፎቶ ብቻ የምታውቃት የልጅ ልጇ ናት። «እኔ የሰማሁትን እንድትሰማ አልፈልግም። ይሄ የመጨረሻዎ ይሁን። ከዚያ በየአርቡ ቤታችን ይመጣሉ፣ ምሳ አብረን እንበላለን። ሚስቴም እሺ ብላለች።»

«እዚህ እኮ እናት ሆኜ ነው የምሠራው፣ ሲያማክ። ጸጉሬ አይታይ፣ ክንዴ አይታይ።»

«ምን ቢሸፍኑ፣ ሰው በእርስዎ ላይ የሚያየው ያንን ነው።»

ሞርተዛይ ጠራቸው። ሲያማክ የአረሽን የወታደር ጃኬት ለበሰ። ቁልፎቹን ሳያያቸው እንደ ግንባር ልማዱ ቆለፋቸው፤ ቱራን ይህን አይታ ፊቷን አዞረች።

«ቀረጻ!»

በሩ ተከፈተ። ቱራን ሄዳ በአንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እንጨት የታቀፈች መሰላት። ያጠራቀመችው እንባ ደረቀ፤ ለሻንጣው ያልነፈገችውን ለልጇ ማፍሰስ አቃታት። ልትለቀው ስትል የሲያማክ እጆች ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጀርባዋ ላይ አረፉ፣ ከዚያ ጎኗ እስኪያማት ድረስ ጨመቋት። ማይክሮፎኑ በማይሰማው ድምፅ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከ።

«አሁን እየተወንሽ ነው?»

ትንሽ ልጅ ሳለ ያናግራት እንደነበረው ነው ያናገራት። አይደለም ልትለው ፈለገች። ግን በትወና እንጀራዋን የምትበላ ሴት አይደለም ብትል ማን ያምናታል? ፊቷን ደረቱ ላይ ቀብራ በጃኬቱ ጨርቅ ላይ አነባች።

ሞርተዛይ «ይቁም!» አለ። አረሽ ጥግ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይጠርጋል። የሶቱዴ ዓይንም ረጥቧል። መቁጠሪያውን ኪሱ ከትቶ መጣ።

«አላህ ያውቃል፣ ልቤን ነክቶኛል» አለ። «ግን አያልፍም።»

«እንዴት? ራስዎ ሐላል ነው ብለው የለም ወይ!» አለ ሞርተዛይ።

«ማቀፉ ሐላል ነው። ማሳየቱን መች አልኩ? እኔ ልጇ መሆኑን አውቃለሁ። ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሰው ግን የሚያየው አንዲት ሴት፣ ያውም እሷ፣ ጎረምሳ ደረት ላይ ተለጥፋ ነው።»

«እናቴ ናት!» ሲያማክ ጮኸ።

በሰው ፊት እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። ሶቱዴ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«አውቃለሁ ወንድሜ። አንተን ማን ጠረጠረ? ግን ሰው በእሷ ላይ የሚያየው ያንን ነው።»

ሲያማክ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ወደ ግቢው ወጣ።

ሞርተዛይ መነጽሩን ወለወለ። ከዚያ መብራቶቹ እንዲዛወሩ አዘዘ። ልጁን የሚጫወተው አረሽ በሩ ላይ ይቆማል፤ እናቱ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሆና ታየዋለች። ሌላ ምንም የለም።

ቱራን ሁለት ብርጭቆ ሻይና ቁራጭ ስኳር ይዛ ወጣች። ሲያማክ በደረቀው የግቢ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የቁራጭ ስኳሩን ሳህን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«ስኳር ትቻለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከግንባር።»

ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። እሷም አልወሰደችም። ጎኑ ተቀመጠች።

«መኪናው ውጭ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሃኒዬ ምሳ ሳትበላ እየጠበቀችሽ ነው። አሁን ከሄድን እንደርሳለን።»

ይሄ የመጨረሻዎ ይሁን ያለውን አልደገመውም። አልሻረላትምም።

«ቱራን ኻኑም!» ሞርተዛይ በመስኮቱ ብቅ አለ። «ብርሃኑ ሊሄድብን ነው!»

ቱራን ብርጭቆዋን ጠርዙ ላይ አስቀምጣ ተነሣች።

«መጣሁ» አለች።

ሲያማክም ሞርተዛይም ለእኔ ነው ያለችው ብለው ጠበቋት።