ግድግዳው ላይ ያልተጻፈው አሰልጣኝ

«ከማንጎው ሥር ያሉትንም አይርሱ፤ አንዱ እግሩ ተሰብሯል፣ እኛ ግን አልሰበርነውም» አለች ኔሬይዳ።

ሽማግሌው ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ትርፎቹን የፕላስቲክ ወንበሮች ደራረበና ወደ አጥሩ በር ተሸከማቸው። ለሁለተኛ ዙር ሲያጎነብስ ጎረቤቷ ዶኛ ካሲልዳ የዝንጅብል ሻይ ይዛ ብቅ አለች። ልትደፋው ምንም አልቀራት።

«አንቺ! ፕሊኒዮን ወንበር ታሸክሚዋለሽ?»

ኔሬይዳ የወንበር አከራዩ መስሏት ነበር። ፕሊኒዮን ራሷ ይምጣልኝ ብላ መልእክት ልካበታለች፤ መልኩን ግን በቅርብ አይታው አታውቅም። በዚህ ቤት ስሙ በተነሳ ቁጥር እናቷ ነፍሷን ይማርና ድስት ማንኳኳት ትጀምር ነበር።

«ምነው ዝም አሉ ታዲያ?» አለች አፍራ።

«ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው የታዘዘውን ይሠራል» አለ ፕሊኒዮ ላቡን እየጠረገ። «ደግሞ የአባትሽን ወንበር ስወስድ የመጀመሪያዬ አይደለም።»

ሳቋ መጣባት፤ ዋጠችው። ለሳቅ አልነበረም የጠራችው።

አባቷ ኤሌውተሪዮ የወደቡ ከተማ የቤዝቦል ቡድን የሸርጣኖቹ አሰልጣኝ ነበር። ያ ክለብ ማልያ ከማጠብ አሰልጣኝ ማባረር የሚቀልለው ነው። ለነፍሱ የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ከተጀመረ ወዲህ የተባረሩት አሰልጣኞች ሁሉ ግቢው ውስጥ በተዘረጋው ሸራ ሥር እየመጡ ይቀመጣሉ፤ ማንም ሳያዛቸው በተባረሩበት ቅደም ተከተል። ዳር ላይ ዶን አኒባል፤ እሱ መባረሩን የሰማው ፀጉር ቤት ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ሳለ ከሬዲዮ ነው። ቀጥሎ ጎዮ፤ እሱን ደግሞ ጨዋታ መሃል አሰናብተውት፣ ከነማልያው በአውቶቡስ፣ ሲሰድቡት ከነበሩት ደጋፊዎች ጋር ተጋፍቶ ነው ቤቱ የገባው። አሁን ሁለቱም ይህን ሲያወሩ የድል ታሪክ ነው የሚመስለው።

ኤሌውተሪዮ የተባረረው በፍጻሜው ዋዜማ ነበር። የክለቡን ባለቤት አማች አላሰልፍም አለ፤ በማግስቱ ዋንጫውን ያነሳው ፕሊኒዮ ሆነ። የስታዲየሙ ግድግዳ ላይ የሚጻፈው ዋንጫ ያነሳ አሰልጣኝ ብቻ ነው። ግድግዳው ነገ እንደገና ይቀባል። ክለቡ ለኔሬይዳ የመለሰላት አጭር ነበር፦ ዋንጫው የአባትሽ መሆኑን ፕሊኒዮ ካመነ ስሙን እንጽፋለን።

ያን የፍጻሜ ቀን ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። እንደማንም ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ከተጫዋቾቹ መቀመጫ ጀርባ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ፣ አንዴ ጆሮውን አንዴ አፍንጫውን ያካል።

«አባዬ፣ ምን ነክሶህ ነው?»

«ትንኝ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«የወደብ ትንኝ ሰዓት አይመርጥም።»

ጆሮውን ሲነካ ሯጩ ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ተፈተለከ። ደረቱን ሲያክ ዱላ የያዘው ልጅ ኳሷን ነካ ብቻ አድርጎ ሮጠ። ያኔ ገባት፤ ተጫዋቾቹ በፕሊኒዮ ራስ ላይ አሻግረው አባቷን ነው የሚያዩት። አሰልጣኝ ሲቀየር ለተጫዋቾቹ ትእዛዝ የሚሰጥበት የእጅ ምልክት በዚያው ሌሊት ይቀየራል፤ ይህን የሰፈራችን ዶሮ እንኳ ያውቃል። ፕሊኒዮ አልቀየረም። ሹመቱ አስክሮት ረሳው፣ በሰው ጭንቅላት ዋንጫ በላ ስትል ኖረች። አባቷ ግን እስኪሞት ድረስ ትንኝ ነው እንዳለ ጸና።

ወንበር ባሸከመችው ዕለት ማታ፣ የመጨረሻው ጸሎት እንዳበቃ ሸራው ሥር ፕሊኒዮ ፊት ቆመች።

«ዶን ፕሊኒዮ፣ እዚሁ ሰው ፊት ይንገሩኝ። ያን ቀን ምልክቱን ሳይቀይሩ የገቡት ረስተው ነው፤ አይደል?»

ዶን አኒባል በደንብ ለመስማት ጆሮውን በመዳፉ ከለለ። ፕሊኒዮ ሻዩን ጨልጦ ጨረሰ።

«አልረሳሁም። ልቀይር ተጫዋቾቹን ሰበሰብኳቸው። ፊታቸውን አየሁት፤ ቀብር የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ‹የምታውቁት ይበቃችኋል፣ ተኙ› አልኳቸው። በማግስቱ ከጀርባዬ ኦቾሎኒ ሲሰበር ሰማሁ። እንደሱ አድርጎ የሚሰብር ሰው የለም። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ፤ ቀኑን ሙሉ ዝንብ እንኳ አላባረርኩም፣ ልጆቹን እንዳላሳስታቸው።» ባዶ ኩባያውን በእጁ አዟዟረ። «ዋንጫው የሱ ነው። ነገ ይጻፉት፤ የኔን ይፋቁት።»

«ይፋቅ አላልኩም» አለች ኔሬይዳ ፍርጥም ብላ። «ግድግዳው ሰፊ ነው።»

ጎዮ ዝም ማለት አልፈጠረበትም።

«እሺ ይሁን፣ ዋንጫው የሱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ከቡድኖች ሁሉ መጨረሻ የወጣነውስ ፕሊኒዮ? እሱስ የማን ነው?»

ኔሬይዳ ባዶውን ኩባያ ከፕሊኒዮ እጅ ተቀብላ፣ ሻይ ያለበት ይመስል በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«በቀጣዩ ዓመት» አለ ፕሊኒዮ፣ «ኤሌውተሪዮ ስታዲየም አልመጣም።»