ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ቀን

ጋሽ ዓምደሚካኤል ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ ሰዓት ይሠራሉ። ሰዓቱ እንጀራቸው ነው፤ ፍቅራቸው ግን ባሕረ ሐሳብ ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይናገራሉ። ምን ዋጋ አለው! አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ሰዉ የሚቸኩለው ለቀበሌ ስብሰባ ሆነና ጠያቂ አጡ።

ስለዚህ ግንቦት 26 ቀን 1974 የሒሳብ አስተማሪዋ ሰናይት ገብታ፣ ከታኅሣሥ 10 ቀን 1971 ጀምሮ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ቀን መቼ እንደሚሞላ ስትጠይቃቸው በእጃቸው የነበረውን ሰዓት ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ቁጥሩን ያውቁታል፤ የራእይ መጽሐፍ ቁጥር ነው። ሰናይት ጴንጤ እንደሆነችም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል። ጴንጤ ከባሕረ ሐሳብ ሰው ምን ፈልጋ መጣች? መነሻዋስ ለምን ታኅሣሥ 10 ሆነ? ሊጠይቋት አሰቡና ሒሳቡ ቀደማቸው።

አርባ ሁለት ወር በሠላሳ ሲባዛ ልክ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ ይመጣል አሏት፤ ሰነፍ ቆጣሪ እዚያ ላይ ያቆምና ሰኔ 10 ይላል። በመሃል ግን ሦስት ጳጉሜን አለ፤ የ71ዱ ስድስት፣ የቀሩት አምስት አምስት፣ በድምሩ አስራ ስድስት ቀን። ጳጉሜንም ይነጋባታል፣ ይመሽባታል፤ እንዴት ትዘለላለች? አስራ ስድስቱን ቀን ወደ ኋላ ቆጠሩና ደስ ብሏቸው ቀና አሉ።

“ግንቦት 24 ሞልቷል። ከትናንት ወዲያ።”

ሰናይት አልደነቃትም። እሷም ሦስት ጊዜ ሠርታ ያንኑ እንዳገኘች፣ የመጣችውም ስህተት ካለበት እንዲያገኙላት እንደሆነ ነገረቻቸው። ጋሽ ዓምደሚካኤል ግራ ገባቸው። ሒሳቡ ልክ እንዳይሆን የምትመኝ አስተማሪ አይተው አያውቁም።

“ታኅሣሥ 10 ምን ነበር?” አሏት።

“ዕዝራን የወሰዱበት ቀን ነው።”

ዕዝራ ባሏ ነው። ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ ከወሰዱት ወዲህ የት እንዳለ የነገራት የለም። የመከራው ዘመን በዚያ ቁጥር ያበቃል ብላ አምና፣ ከትናንት ወዲያ ሸሚዙን ተኩሳ ስትጠብቅ ውላለች። በሩን ያንኳኳ አልነበረም።

ጋሽ ዓምደሚካኤል አፈሩ። ያን ያህል ደስ ብሏቸው የቆጠሩት የሰው ባል ኖሯል። በአንዲት ቀን ልዩነት ከደብር አለቃ ጋር ተኳርፈው የከረሙ ሰው፣ እርሳሳቸውን እንደገና አነሱ።

“ቆይ፣ ተሳስቻለሁ” አሉ። “ባለራእዩ ወሩን ሠላሳ ሲያደርግ ጳጉሜን የምትባል አያውቅም። ካላወቃት አትቆጠርም። ሰኔ 10 ነው ልጄ።”

ሰናይት ወረቀቱን ረጋ ብላ አየችው። ተማሪ ቢሠራው በቀይ የምትሰርዘው ዓይነት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

“አስራ አራት ቀን እችላለሁ” አለች።