ድምፅ አልባው ተርሚናል

አራተኛው ተርሚናል የወይዘሮ አስካለን ድምፅ የወሰደው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። «ልጄ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም።

መሣሪያውን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ለቤተ መጻሕፍቱ የቪዲዮ ክፍል የተሠራ፣ ስክሪንና አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቻ ያለው ተርሚናል ነው። ራሱ ምንም አያስቀምጥም፤ ሁሉን ነገር ኮሪደሩ ማዶ ካለው ሰርቨር ይቀበላል። ቪዲዮ ሳይቆራረጥ እንዲያሳይ ማድረጉ ብዙ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ጸጥታው ነው። የጨረታ ኮሚቴው «ተጠቃሚው ተቀምጦ ሲለካ ድምፅ ዜሮ ይሁን» ብሎ ጽፏል። እንደማይቻል ለሰብሳቢው ለአቶ ገብረየስ አስረዳኋቸው።

«ማህተም አርፎበታል እኮ» አሉኝ።

ማህተም ያረፈበትን የሚነካ የለም። የሣጥኑን ማቀዝቀዣ ማራገቢያ አወጣሁ፣ ሣጥኑን በወፍራም አሉሚኒየም ሠራሁ። መለኪያው አሁንም ድምፅ ያሳያል፤ የተቀመጠው ሰው ይተነፍሳላ! በአራተኛው ተርሚናል መለኪያው ዜሮ ገባ። ኮሚቴው ወንበሩን ከቦ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው አልተሰማም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።

ወይዘሮ አስካለ በየማክሰኞው የሚመጡት የልጃቸውን የማስተዋልን የምርቃት ቪዲዮ ለማየት ነው። ቤታቸው ማጫወቻ ስለሌለ ሰርቨሩ ላይ ጭነንላቸዋል። ማስተዋል ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቪዲዮውን የቀረጸው ሰው ማይክሮፎኑን መክፈት ረስቶ ነበርና ልጅቷ ጥቁር ጋውን ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ፣ አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ምን እንዳለች እናትየው አያውቁም።

በዚያ ማክሰኞ ማስተዋል ተናገረች። «እማዬ፣ ነይ አጠገቤ ቁሚ» አለች። ድምፁ የወይዘሮ አስካለ ነበር።

ሰርቨሩን ፈተሽኩ። የተወሰደው ድምፅ እዚያ ተቀምጧል፤ ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ሲያገኝ ይሞላበታል። ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው፦ «ድምፅዎን መመለስ እችላለሁ። ከመለስኩ ግን እሷ ዝም ትላለች።»

እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ። «ስንት ደቂቃ ቀራት?»

«ዘጠኝ። የእርስዎ ድምፅ የበቃው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ብቻ ነው።»

«ሌላም ድምፅ አለኝ» ብለው ጻፉ።

በቀጣዩ ማክሰኞ የሳላቸው ድምፅ ሄደ። በሚቀጥለው የትንፋሻቸው፣ ከዚያ የነጠላ ጫማቸው ኮቴ። ማስተዋል በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረች ታወራለች፤ መምህራኖቿን ታመሰግናለች፣ ትስቃለች። እናትየው እንባቸውን እያበሱ ያዳምጣሉ። በኮሚቴው ተናደድኩ፣ በራሴ ደግሞ ይበልጥ። ተርሚናሉ ይነቀል ብዬ አመለከትኩ። «መሣሪያው በውሉ መሠረት እየሠራ ስለሆነ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። እሱም ማህተም አለው።

ስድስተኛው ማክሰኞ ላይ አንድ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ምን ሊሰጡ እንደሆነ ገባኝ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ልነቅል ሮጥኩ፤ ቪዲዮው ቀድሞኝ ጀመረ። ከስክሪኑ ውስጥ ልብ ሲመታ ተሰማ፤ ከዚያም የነጠላ ጫማ ኮቴ፣ ከቀኝ በኩል፣ ቀስ እያለ የሚቀርብ። ማስተዋል አበባውን ወደ ግራ እጇ አዛውራ ቦታ ለቀቀች።

ወይዘሮ አስካለ ወንበሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ወይዘሮ አስካለ!» ብዬ ጮህኩ። ከአፌ ምንም አልወጣም። ስክሪኑ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ አንድ ወንድ ስማቸውን ሲጣራ ተሰማ። ማስተዋል ድምፁ ወደመጣበት ዞራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።