የቪልሄልሚና ድንጋይ

ዊብረን ሲዋሽ አያፍርም፤ የሚያፍረው ወሬው ሲያጥርበት ነው። የሚሠራው በሰሜን ባሕር ድንጋይ በምታራግፍ መርከብ ላይ ነው። ባሕሩ በየንፋስ ተርባይኑ እግር ዙሪያ አሸዋውን ይልሳል፤ ዝም ካሉት ምሰሶውን ያራቁተዋል። መርከቧ ደግሞ መጀመሪያ ጠጠር፣ በላዩ ትልልቅ ድንጋይ እያለበሰች ባሕሩን ጥርሱን ታስነክሰዋለች።

ይህን ለልጅ ልጁ ሲያስረዳ ምላሱ አላስቻለውም። «ስምሽ የተቀረጸበት ድንጋይ ባይኖር፣ ያ ሁሉ ማማ ተገንድሶ ዓሣ ነባሪ ይጨፈልቅ ነበር» አላት። ቪልሄልሚና አመነች። አምና ዝም ብትል ደግ፤ ለክፍሏ ልጆች በሙሉ አወራች።

ሰኞ ዕለት ደወለችለት። «አያቴ፣ ውሸታም አሉኝ። እውነት ነው አይደል?»

«እንዴታ!» አለና ስልኩን ዘጋ። እሱን ውሸታም ቢሉት ማዕረጉ ነው። እሷን ግን!

በምሳ ሰዓት መሮና መዶሻ ይዞ ጡጫ በምታክል ጠጠር ላይ ስሟን ሊቀርጽ ተቀመጠ። ድንጋዩን በኤክስካቫተር የሚዝቀው ጓደኛው ዱኮ ከት ብሎ ሳቀበት።

«ጠጠሩን እኮ ትናንት ጨረስን። ይቺን ብቻዋን ብትጥላት ሞገዱ እያንከባለለ እንግሊዝ ነው የሚያደርስልህ። ከትልቁ ላይ ቅረጽ።»

«ትልቁ መሮ የማይበሳው ግራኒት ነው እኮ፣ አንተ!»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ? አጠር አድርጋችሁ አዳ ብላችሁ ብትጠሯት ምን ነበረበት?»

የምሳው የአተር ሾርባ እስኪረጋ ድረስ ትልቁን ድንጋይ ቀጠቀጠ። አውራ ጣቱን ሁለቴ መታ፤ አንዴም አልተሳደብኩም ብሎ ኋላ አውርቷል፣ ዱኮ የሰማው ግን ሌላ ነው። የመጨረሻው ፊደል ላይ ሲደርስ ተቆጣጣሪዋ ሂልደ ከራስጌው ቆማ አገኛት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ሦስት ውሸት አፉ ውስጥ ተሰልፎ ነበር። ዋጣቸውና እውነቱን ነገራት።

«ዊብረን፣ እስከ ዛሬ ከዋሸኸኝ ሁሉ እንደዚህ የማይረባ የለም። አሁን እውነቱን አውጣ።»

«እውነቱ ነው!»

«እውነቱን ነው» አለ ዱኮ። «እኔንም ገርሞኛል።»

ሂልደ ድንጋዩን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ በእርግጫም ነካ አደረገችው። «ከጭነቱ ነው፣ አልተሰነጠቀም። ይውረድ።»

ዱኮ አፈሰው፤ ድንጋይ ወደ ባሕሩ ወለል በሚያወርደው ቱቦ ውስጥ እየተንኳኳ ወደ ታች ሄደ። የተራገፈውን ለማየት ካሜራው ሲወርድ ዊብረን ስክሪኑ ላይ ተለጠፈ። ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ አንድ ሸርጣን፣ ድንጋይ። ስም የለም። በፊቱ ተደፍቷል።

ማታ ደወለላት። «ወርዷል።»

«አየኸው?»

ምላሱን በላው፤ ቻለው። «አላየሁትም፣ የኔ ልጅ። ስሙ ከሥር ሆነ።»

«ምንም አይደል፣ አያቴ። ቤታችንን ያክላል፣ ሻርክም ይጠብቀዋል ስላቸው ሁሉም አመኑኝ።»

ዊብረን ወንበሩን ስቦ ተደላደለ።

«ሻርኩን ምን ያህላል አልሻቸው?»