ጉሙ ላይ የታየው ክብ

«ከአሁን በኋላ አንተ አትናገርም» አለ ታረቀኝ፤ የጫላን ክንድ አልለቀቀም። «እንግዳ በመጣ ቁጥር ወሬው ይረዝማል። ፀጉር ቤትህ መሰለህ እንዴ?»

ጫላ ክንዱን ለማስለቀቅ አልታገለም። ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ፣ የሻይ ብርጭቆ በሚታጠብበት በርሜል አጠገብ ቆመዋል። ወይዘሮ መንበረ ነጠላቸው ጭቃውን እየጠረገ መጥተው በመካከላቸው ገቡ።

«ልቀቀው» አሉት ልጃቸውን። «ወንድምህን መጨረሻ ያየው እሱ ነው። እሱ ካልነገረኝ ማን ይንገረኝ?»

«ምን አየ እማዬ? በቀብሩ ዕለት ያላየውን በማግስቱ እንዴት አየ?»

ፊቷን ልትታጠብ የወጣችው ሔርሜላ፣ የሟቹ የአማኑ ሚስት፣ ጆጉን እንደያዘች ቀረች። ያን ጥያቄ እሷም ስታመላልሰው ነበር።

ለቅሶ የደረሰ ሰው ተቀምጦ ጥቂት ዝም ይላል። ከዚያ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጠው «እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚመልሰው ከሟቹ ጋር የነበረ ሰው ነው። አማኑ የስፖርት መምህር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሌ በላይ ወዳሉት ተራሮች በእግሩ ይወጣ ነበር፤ ጪጩ ላይ ፀጉር ቤት ያለው ጫላም ሥራ ሲቀልለት አብሮት ይሄድ ነበር። በቀብሩ ዕለት ጫላ የተናገረው አጭር ነበር፤ ሣሩ ረጥቦ ነበር፣ አዳለጠው፣ ገደል ገባ። በማግስቱ ግን ወሬው ላይ ፀሐይ ወጣች። ጎን ለጎን ቆመን ሳለ፣ አለ ጫላ፣ ፀሐይዋ ከኋላችን ብቅ ስትል ጥላችን ከበታቻችን በተኛው ጉም ላይ ወደቀ፤ በአማኑም ጥላ ራስ ዙሪያ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ክብ ሠራ።

ወይዘሮ መንበረ ያን ከሰሙ በኋላ ነው እህል የቀመሱት። ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ ክቡን ያስነግራሉ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎችም የእግዚአብሔር ምልክት ነው፣ እሑድ በጉባኤ ፊት ይነገር ብለዋል።

ሔርሜላ ክቡን ታውቀዋለች። በተጋቡ ዓመት አማኑ እዚያው ሸንተረር ላይ አውጥቷት ነበር። የሱን ጃኬት ደርባ እየተንቀጠቀጠች ስታይ፣ የሁለቱም ጥላ ሸለቆውን በሞላው ጉም ላይ ረዝሞ ተዘርግቷል፤ ክቡ ግን የሷ ጥላ ራስ ላይ ነበር።

«የኔ ላይ ነው» አለችው።

«ኧረ ባክሽ፣ የኔ ላይ ነው።»

ቦታ ተለዋወጡ። ክቡ ተከተላት፤ እሱም እኔን ተከተለኝ አለ። ልትቆጣ ስትል እየሳቀ አስረዳት። እያንዳንዱ ሰው የሚያየው የራሱን ጥላ የከበበውን ብርሃን ብቻ ነው፤ አጠገቡ የቆመው ሰው ጥላ ለሱ ዓይን ባዶ ነው። «ያንቺን እኔ አላይልሽም» አላት።

ስለዚህ ጫላ በአማኑ ራስ ላይ ክብ ሊያይ አይችልም። ጉዳዩ የክቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ለእናትየው ስትል ትተወው ነበር። እንቅልፍ የነሳት «ጎን ለጎን ቆመን» የሚለው ነው። እሱስ እውነት ነው? ወይስ ባሏ ብቻውን ነው የሞተው?

ታረቀኝ እናቱን ደግፎ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ሔርሜላ ጫላን አስቀረችው።

«ክቡን እሱ ላይ አየኸው?»

«አይቻለሁ።»

«ያንተ ጥላ ላይስ?»

«የኔ ላይማ ምን ሊያደርግ? እሱ ላይ ብቻ ነው የነበረው።»

ጆጉን መሬት አስቀመጠች። «ጫላ፣ አንተ እዚያ አልነበርክም።»

ጫላ ወደ ድንኳኑ ዞር ብሎ አየ። ታረቀኝ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚያደርገው ሁለቱም ያውቃሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ዳገቱ አድክሞት ከታች፣ ቀርከሃው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ እንደተቀመጠ አማኑ ደወለለት፤ ክቡ ጥላዬ ላይ ወጥቷል አለው።

«ምን ብሎ? እንዳለው ንገረኝ።»

«‹ቶሎ ና፣ ሊጠፋ ነው› አለኝ። እየሳቀ ነበር።» ጫላ እጆቹን ተመለከተ። «ሻዬን ጠጥቼ ነው የተነሣሁት፣ ሔርሚ። ስደርስ ጉሙ ሁሉንም ሸፍኖታል። ብጣራ ብጣራ... እናቱን ደግሞ ብቻውን ነበር ልላቸው አልቻልኩም።»

እጇ ለጥፊ ተነሥቶ ነበር። ያቆመው ከድንኳኑ የመጣው የታረቀኝ ድምፅ ነው፤ እንግዶች ገብተዋል።

እንግዶቹ ከፍስሐ ገነት የመጡ የወይዘሮ መንበረ ዘመዶች ነበሩ። ተቀመጡ፤ ጥቂት ዝም አሉ። ሔርሜላ ከሴቶቹ ጋር መውጫው አጠገብ ተቀመጠች፤ ጫላም ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ሻይ ተሰጠው። ትልቁ፣ አቶ ገሪማ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «እንዴት ሆነ?» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ጫላ ዞረ። ታረቀኝ የያዘውን የዳቦ ትሪ አስቀምጦ እጆቹን ነጻ አደረገ።

«ንገራቸው እንጂ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ መንበረ።

ጫላ የሻዩን ብርጭቆ እንደያዘ ወደ ሔርሜላ ተመለከተ።

«ፀሐይ ከኋላው ወጣች» አለች ሔርሜላ። ሚስት ለዚያ ጥያቄ መልስ ስትሰጥ አልተለመደምና ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። «ጉሙ ከበታቹ ነበር። ጥላው ጉሙ ላይ ወደቀ፤ ራሱን ክብ ብርሃን ከበበው። አየው።»

«ጓደኛው አብሮት ነበር?» አሉ አቶ ገሪማ።

«አብሮት አልነበረም» አለች። «ጠርቶት ነበር፤ እየመጣ ነበር።»

ታረቀኝ ወደ ጫላ አንድ እርምጃ ተራመደ። ወይዘሮ መንበረ ዓይናቸውን ከምራታቸው ላይ ሳይነቅሉ እጃቸውን አነሡ፤ ልጃቸው ባለበት ቆመ። ቀስ እያለ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

«እሱ ግን አየው?»

«አየው፣ እማዬ። እየሳቀ ነበር።»

ወይዘሮ መንበረ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ «እንጸልይ» አሉ።

ራሶች ተደፉ፤ ዓይኖች ተጨፈኑ። ታረቀኝ ከሁሉ በኋላ፣ ጥርሱን እንደነከሰ ጨፈነ። አቶ ገሪማ በጌዴኦኛ መጸለይ ጀመሩ። ጫላ ያልጠጣውን ሻይ አግዳሚው ሥር አስቀምጦ ተነሣ። ወደ ውጭ የሚያወጣው መንገድ በወንበሮቹ መካከል፣ በሔርሜላ ፊት የሚያልፈው ብቻ ነበር። እሷ አልጨፈነችም። አጠገቧ ሲደርስ እግሮቿን ሰብሰብ አደረገችለት፤ አለፈ።