አጎቴ በር ላይ የቆመበት ምዕራፍ

ኢራን ውስጥ፣ በእኛ ከተማ በራሽት፣ ዝናብ አንዴ ከጀመረ አያባራም። የእኔና የእናቴ ቤት ደግሞ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል፤ ወረቀት በጊዜ ካልደረቀ ይሻግታል። ስለዚህ የመጽሐፌን ገጾች ሳሎን ውስጥ ምድጃው አጠገብ ገመድ ወጥሬ በልብስ መቆንጠጫ እሰቅላቸዋለሁ። እናቴ አቅደስ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብላ ታልፋለች እንጂ ቀና ብላ አታይም። እንግዳ ሲጠይቃት "የሕፃናት መጽሐፍ ነው" ትላለች።

የሕፃናት አይደለም። በሥዕል የምተርከው የራሴን ልጅነት ነው።

ልጅ ሆኜ፣ ከኢራቅ ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ፣ እናቴ ጠዋት ጠዋት በር ላይ አቁማ ትፈትነኝ ነበር። "እቤት ሬዲዮ የሚሰማ አለ?" "የለም።" "አባትሽ ማታ ማን መጣበት?" "ማንም።" "ምን ያነባል?" "ምንም።" ካልተሳሳትኩ የራስ መሸፈኛዬን አስተካክላ፣ ስማኝ ትሸኘኛለች። ሌላው ልጅ ብዜት ሲሸመድድ እኔ ውሸት እሸመድድ ነበር። እሷስ ምን ታድርግ? አባቴ ኢራጅ የሚያነበው ነገር አንገት የሚያስቆርጥ ነበር። አልፈርድባትም። ግን እንዲህ ያደገ ሰው እስቲ ስለ ቤቱ መጽሐፍ ይሥራ!

ጊሱ የምትባለው አሳታሚዬ ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አይታ ደወለችልኝ።

"ፍሩዛን፣ አንቺ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኮ 'ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ አፈር ስሆን' ሲባባል ነው የሚውለው። ፊቱን የሚያሳይ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶኛል። ለመሆኑ መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?"

"ስለ ቤታችን።"

"ታዲያ አስገቢኛ! እስከ መቼ በር ላይ ታቆሚኛለሽ?"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ሦስት ቀን ስሰድባት ከረምኩ። እውነቷን ስለሆነ ነው ያናደደችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው አባቴ የተወሰደበትን ጠዋት መሣል የጀመርኩት። ደወሉን የደወለው አጎቴ ሰይፉላህ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ነበር። የወንድሙ አደዋወል ስለሆነ አባቴ ሳይጠራጠር ከፈተ። ከኋላው የመንግሥት ሰዎች ነበሩ። እናቴ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሻይ አፈላችላቸው። ቤት የገባ ሰው እንግዳ ነዋ! "ሳትጠጡማ አትወጧትም" አለች። እነሱም እንደ አገሩ ልማድ የስኳር አንኳሩን በጥርሳቸው ነክሰው ጠጡ፣ አመሰገኑም። አባቴ ጫማውን እያሰረ ይጠብቃቸዋል። አጎቴ በር ላይ እንደቆመ ነው፤ አይገባም፣ አይወጣም።

አባቴ አልተመለሰም። መቃብሩንም ያሳየን የለም። እናቴ ያን ዕለት ማታ ፎቶዎቹን አንድም ሳታስቀር ምድጃ ውስጥ ማገደቻቸው። ስለዚህ ፊቱ የለኝም። ስንት ዓመት ሞከርኩት፤ ወይ አፍንጫው የሌላ ሰው ይሆናል፣ ወይ ዓይኑ የእኔ ይሆናል። ጫማውን በሚያስርበት ገጽ ላይ ግን፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አባቴ መጣ። ራሱ ቁጭ አለ። ብዕሬን ጥዬ አለቀስኩ። ደግሜ ልሥለው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።

አጎቴ እንዳመጣቸው ዘመድ ሁሉ ያውቃል። እሱንም መጀመሪያ ይዘውት ነበር፤ ምን እንዳደረጉት ደግሞ የቀኝ እጁን ጣቶች ያየ ይገባዋል። ግን በእኛ ቤት የሚታወቅ ነገር አይነገርም። በየኖውሩዙ፣ በአዲስ ዓመታችን፣ ታናሽ ታላቁን ሄዶ ይጠይቃል፤ ታላቅም በተራው ይመጣል። እኛ ሄደን እጁን እንስማለን፣ እሱ መጥቶ እናቴ የጋገረችውን ኮሉቼ፣ የበዓል ብስኩታችንን፣ ይበላል። ያልተጠያየቀ ዘመድ "ምን ሆናችሁ?" መባሉ አይቀርም፤ ለዚያ ደግሞ መልስ ያለው የለም። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ጽሑፍ ላይ እንኳን በሆዴ እንደምጠራው "እሱ" ልበለው።

ያን ዓመት በበዓሉ ሳምንት ምዕራፉ አልቆ ገመድ ላይ ነበር። ስካን የሚያደርግልኝ ሱቅ ለበዓል ዝግ ነው። አጎቴ ደግሞ ሳንጠብቀው አንድ ቀን ቀድሞ መጣ። ጓዳ ሆኜ የእናቴን "ቤት ለእንግዳ! ይግቡ፣ ይግቡ!" ስሰማ የያዝኩትን ጣልኩ። ሮጬ ስወጣ ከገመዱ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ኮቱ ላይ ዝናቡ ገና አልደረቀም።

መነጽሩን አደረገ። አንድ በአንድ አየ። በር ላይ የቆመውን ራሱን አየ። አባቴ ጋ ሲደርስ ቆየ። እናቴ ሻይ ቀዳችለት፣ የዝናቡን ነገር አነሳች፣ የሩዙን ዋጋ አነሳች። እሱ ዓይኑን ከገመዱ አልነቀለም።

በመጨረሻ "እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ ግሩም ሥራ ነው" አለ።

ዕቃውን ያደነቁለት ሰው ምን ይላል? ይሉኝታ ያሳደገው አፌ እኔን ሳይጠይቅ ቀደመኝ። "ምን አላት ብለው ነው አጎቴ፣ የእርስዎ ናት፣ ይውሰዷት።"

አገር ምድሩ እንደሚያውቀው፣ እንዲህ የተባለ ሰው ይግደረደራል። "ኧረ ለባለቤቷ ታምራለች" ይላል። እኔ "በሞቴ" እላለሁ፣ እሱ "አይሆንም" ይላል፣ ከዚያ ሁላችንም ስቀን ዕቃው እቦታው ይቀራል። ምንጣፉንም፣ ሰዓቱንም፣ ቤቱንም እንደዚሁ ስንሰጣጥ ነው የኖርነው። ማንም ወስዶ አያውቅም።

"አላህ ይስጥልኝ" አለና ተነሳ። መቆንጠጫዎቹን በእነዚያ ጠማማ ጣቶቹ እየፈታ ገጾቹን አንድ በአንድ አወረደ።

እናቴን አየኋት። አንድ ቃል ትል ይሆናል ብዬ። ምን አለች? "ይውሰዱት እንጂ፣ ምን ቁም ነገር አለው!" ብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ ዝናብ እንዳይነካው ላስቲክ ይዛለት ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ ጫማዬን ልፈልግ ስሮጥ ክንዴን ያዘችኝ።

"የት ነው?"

"የአባቴ ፊት አለበት እማዬ! ሌላ የለኝም!"

"ሰጠሽ እኮ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰጥቶ የሚቀማ ሰው ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"አንቺም እኮ ላስቲክ አቀበልሽው!"

"እንግዳ ነው" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ክንዴን አልለቀቀችም። አርባ አልፎኝ፣ በእናቴ እጅ ተይዤ፣ መኪናው ሲነሳ እሰማለሁ። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። አጎቴ ላስቲክ ያልወለቀለት ሶፋ ላይ አስቀምጦኝ ሻይ ቀዳልኝ። ብርቱካን ላጠልኝ። "ብዪ እንጂ፣ ምነው?" "በላሁ አጎቴ።" "እናትሽ እንዴት ናት?" "ደኅና ናት፣ እጅዎን ትስማለች።" "ጉልበቷስ?" ሁለተኛ ብርጭቆ፣ ሦስተኛ ብርጭቆ። አንድ አረፍተ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት፤ እሷን የምከትበት ቀዳዳ አጣሁ። በቃ እንዲህ ብርቱካን እየበላሁ እዚህ ሶፋ ላይ ላረጅ ነው ብዬ አሰብኩ። አራተኛውን ሲቀዳ ብርጭቆውን በእጄ ከደንኩት።

"ወረቀቶቼን መልስልኝ" አልኩት። አንተ አልኩት፣ ፊት ለፊት።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ።

"አቃጠልኳቸው" አለ። "ላቃጥል ነው የወሰድኩት። ልጆች አሉኝ፣ የልጅ ልጆች አሉኝ። ሲጠሩ 'የዚያ ሰውዬ' እንዲባሉ አልፈልግም።" ከዚያ ተነስቶ ከመኝታ ቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። "ይሄን ግን አልቻልኩም። እሳቱ አፍ ድረስ አድርሼ መለስኩት። ሌሊቱን ሳየው ነው ያደርኩት። ኢራጅ ነው። ምኑንም አልሳትሽ።"

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ሳልወድ አሳዘነኝ፤ ማዘኔ ደግሞ አናደደኝ።

"ሌሎቹን ደግሜ እሥላቸዋለሁ" አልኩት።

"ሣዪ ልጄ። እኔ ለአንቺ የማልሆነው ምን አለ? በሩም ላይ አቁሚኝ፣ መንገድ ላይም አስጪኝ" አለ።

አየሁት። ከልቡ ይሁን፣ ይሉኝታ ይሁን፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም፤ እንዲህ ዓይነት ፊት ማንበብ ማን አስተማረኝ? እሱ ራሱም የሚያውቀው አልመሰለኝም። "ኧረ አይገባም አጎቴ፣ ምን በወጣዎ" እንድለው ምላሴ ሥር ተዘጋጅቶ ነበር።

"እሺ" አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። በር ድረስ ሸኘኝ፣ ግን "ተጫወቺ እንጂ" አላለኝም።

ምዕራፉን ደግሜ ሣልኩት፣ መጽሐፉም ኮሎኝ ታተመ። በማን በማን ሻንጣ እንደሆነ እንጃ፣ ጥቂት ቅጂዎች ራሽት ገቡ። በሚቀጥለው ኖውሩዝ አጎቴ ዘንድ ሄደን ደወልን፤ መጋረጃው ሲነቃነቅ አይተናል፣ በሩ ግን አልተከፈተም። እናቴ የያዘችውን ኮሉቼ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ቀድማ ሄደች።

እንደ ደንቡ ግን አዘጋጀች። ምንጣፉን አራገፈች፣ ብርጭቆዎቹን አሰለፈች፣ የደግ ቀን ቀሚሷን ለብሳ በሩን እያየች ተቀመጠች። የመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። እሱ ያልረገጠውን ቤት ማን ዘመድ ይረግጣል? ዝናቡ ብቻ ጣሪያው ላይ ይንጫጫል። ሁለታችን እዚያ ሳሎን ውስጥ ታሽገን ቀረን። አንቺ ነሽ ብላ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ሻዩ ሲበርድ "አምጪው እስቲ" አለች።

"ምኑን?"

"መጽሐፉን ነዋ።"

አመጣሁት። ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ገጽ ገለጠች። በጠዋት በር ላይ የምትፈትነኝን ሴት አለፈች። በር ላይ የቆመውን አለፈች። ሻይ የምትቀዳውን ሴት ትንሽ አየቻትና አለፈች። ጫማውን የሚያስረው ሰው ጋ ስትደርስ ቆመች። ጣቷን ፊቱ ላይ አላሳረፈችም፤ አንገቱ ጋ አሳረፈችው።

"ኮሌታው እንዲህ የተጨማደደ አልነበረም" አለች። "ተኩሼው ነበር። ያን ዕለት ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ተኩሼለት ነበር። ተጨማዶ አልወጣም።"

ከሄደ ወዲህ ስለ አባቴ ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

"ሌላስ?" አልኳት።